ከሎተሪ አዟሪው ጎን፦ የአካል ጉዳትና የቁማር ጥናት ታሪክ፣ ከአቦከር

አዘጋጆቹ ደውለው «ለዘንድሮው መገናኛችን ስለ ሙያህ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ «የትኛው ሙያዬ?» ብዬ ነው የመለስኩላቸው። ከባልደረቦቼ ግማሹ የሚያውቀኝ በአካል ጉዳት ጥናት ነው። ግማሹ ደግሞ ፈገግ እያለ «የቁማሩ ሰውዬ» ይለኛል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ስለሚቀርብልኝ፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ መልሼ ልረፍ። መልሱ ታሪክ ነው፤ ታሪኩም ከአዲስ አበባ ይልቅ ተወልጄ ያደግሁበትን ሐረርን ይነካል።

እኔ የአቦከር ልጅ ነኝ። ሐረርን ለእንግዳ ሲያስጎበኙ የማይቀረው የራምቦ ቤት ነው። ገጣሚው ነጋዴ ሆኖ እዚህ እንደኖረ ይነገራል፤ እንዴት እንደወጣ ግን ብዙም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፣ ራሱ ንድፉን ባወጣው ቃሬዛ 16 ሰዎች ተሸክመው እስከ ዘይላ ወሰዱት። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ሞተ። በሐረር ታሪክ ስሙ በዓለም የገነነው ሰው ከከተማዋ የወጣው አካል ጉዳተኛ ሆኖ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቼን የመጀመሪያ ቀን ከዚህ እጀምርላቸዋለሁ፤ ቢያንስ እንቅልፋቸውን ያባርራል።

ቁም ነገሩ የሚመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በራስ መኰንን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ አባ ማሪ በርናር የተባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ በሐረር አቋቋሙ። በአገራችን በዘመናዊ መልክ ለአካል ጉዳተኞች ከተቋቋሙት ተቋማት ቀዳሚው ይህ ነው ቢባል ስህተት አይመስለኝም። በኋለኞቹ አሥርተ ዓመታት ዶክተር ዣን ፌሮን የሚባሉ ሐኪም እዚያ ሠርተዋል፤ ዛሬም «ገንደ ፌሮን» የሚባለው ሠፈር ስማቸውን ይዟል። የእሳቸው ሥራ ወሬ ጀርመን አገር ቩርትስቡርግ ደረሰና፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በሄርማን ኮበርና በጓደኞቹ የጀርመን የሥጋ ደዌ መርጃ ድርጅት ተመሠረተ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ በ1958 በእኛው በቢሲዲሞ የተጀመረው ማዕከል ነው። ብዙ አገር ያዳረሰ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መነሻው ሐረር መሆኑን የሚያውቅ የሐረር ልጅ ስንት ይሆን?

ይህን የምተርከው ለኩራት ብቻ አይደለም። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከከተማው ተለይቶ ነበር የሚኖረው። ያበላውም ያከመውም ሌላ ሰው ነው። ከጀጎል ውስጥ ደግሞ አፎቻ አለ። ለቅሶም ሠርግም በአባላቱ ትከሻ የሚያልፍበት፣ ሰው ብቻውን የማይወድቅበት ማኅበር ነው። ነገር ግን አፎቻ አባል ለሆነ፣ መዋጮውን ለከፈለ፣ በሰው ቤት ለሚገባና ለሚወጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ደኅንነት ጎን ለጎን ኖረዋል፦ አንዱ የመደጋገፍ፣ ሌላው የምጽዋት። አካል ጉዳተኛው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው በኩል ነበር። በጁምዓ ቀን መስጊድ ደጃፍ፣ በእሑድ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የነበረው ማን እንደሆነ እያየን ያደግን እናውቀዋለን።

ወደ ትምህርት ቤታችን ልምጣ። የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲከፈት፣ ሥልጠናው በጊዜው ለአገሩ አዲስ ነበር። «ሶሻል ዎርከር» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ክርክር ያኔ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ። የዚያ ዘመን ታላላቆቻችን አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው ማገልገላቸውን እንደ ወታደር ጦር ሜዳ ሲያወሩት ሰምተናል። ወሬው ይብዛ እንጂ ጥቅም ነበረው፤ ተማሪው ከመጽሐፍ ውጪ ያለውን ድሃ በስሙ ጠርቶ አወቀው።

ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ታጠፈ፤ የቀረው ወደ ሶሲዮሎጂ ተጠቃለለ። ዘመቻ መጣ፣ ቀበሌ መጣ፣ የማኅበራዊ ችግር መፍትሔው የሥርዓት ለውጥ ነው ተባለ። 30 ዓመት ያህል ሙያው ትምህርት ቤት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በዶክተር አብዬ ጣሴ ዲንነት በማስተርስ ደረጃ ሲከፈት፣ የቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ አስተማሩ፤ በ2006 የዶክትሬቱ ፕሮግራም ተጨመረ። የጥንቱ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር ሰዩም ገብረ ሥላሴ ያኔም አብረውን ነበሩ። አሮጌውንና አዲሱን ያገናኙ ድልድይ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

እኔና የዘመን ጓደኞቼ የተማርነው በዚህ በሁለተኛው ልደት ነው። በዚያ ሰሞን የአካል ጉዳት ጥናት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል በኩል በፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ መጽሐፍ መልክ ይዞ ነበር። ከእኛው ትምህርት ቤት በሶሻል ዎርክ ማስተርሷን የያዘችው የትነበርሽ ንጉሤ ደግሞ፣ ዓይነ ስውር ጠበቃ ሆና የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ስሟን የማነሳው ሁላችንም ስለምንኮራባት ብቻ አይደለም። ስለ አካል ጉዳተኛ ማጥናትና አካል ጉዳተኛ ሆኖ ማጥናት የተለያዩ መሆናቸውን በእሷ ዘመን የተማረ ሁሉ ተገዶ ተምሯል።

በንድፈ ሐሳብ በኩል የሁላችንንም ዓይን የከፈተው እንግሊዛዊው ማይክ ኦሊቨር ነው። እሱም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ለሶሻል ዎርከሮች በጻፈው መጽሐፍ ያለው ነገር ቀላል ነው፦ ሰውየውን አካል ጉዳተኛ ያደረገው እግሩ ብቻ አይደለም፤ ደረጃው ነው፣ ቀጣሪው ነው፣ አውቶቡሱ ነው። እግሩን ማዳን የሐኪም ሥራ ነው። ደረጃውን ማፍረስ ግን የሁላችን ነው። ይህን ስትሰሙ ምን አዲስ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። እኛ ግን «ድኩማን» እና «አካለ ስንኩላን» ከሚሉ ሰነዶች የወጣን ነን፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአካል ጉዳተኛው ቁጥር ከመቶ አንድ ገደማ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ብሎ ሲገምት ያየን ነን። የቆጠራ ጠያቂው በር ላይ ቆሞ «በቤቱ ጉዳተኛ አለ?» ሲል፣ ስንቱ ቤት «የለም» ብሎ እንደመለሰ አስቡት።

እንግዲህ ቁማሩ የት ገባ?

«ቁማር» ራሱ ከዓረብኛው «ቂማር» የመጣ ቃል ነው። ሐረር ላይ ቃሉ ከነነቀፌታው ነው የሚታወቀው፤ ቁርኣን መይሲርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ አንቀጽ ይከለክላል፣ ቄሱም አይፈቅዱም። ሎተሪ ግን በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኖ ሲቋቋም ከዚህ ነቀፌታ በግማሽ አመለጠ። እንቁጣጣሽ ሎተሪ፣ ዝሆን ሎተሪ ሲባል ማንም ቁማር አይለውም፤ «ዕድል» ነው። ገቢው ለልማት ነው፣ ዕጣው በአደባባይ ይወጣል፣ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ የተነፈገ ሰው ነው። ክራንች ተደግፎ፣ ወይም ባለ ሦስት ጎማውን በእጁ እየገፋ፣ ወይም ነጭ በትሩን ይዞ ቲኬት የሚያዞር ሰው ያላየ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

በማስተርሱ ዘመን የመስክ ሥራዬን ስሠራ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ የሚቀመጡ፣ በልጅነታቸው ፖሊዮ የመታቸው አንድ አዟሪ ነበሩ። ከብዙ ቀን ሻይ በኋላ ነው ያወሩኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ቆርጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የቆረጥኩ ቀን ነው ሳልበላ የማድረው» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቁን ትተው እንዲህ አሉኝ፦ «ስማ የኔ ልጅ፣ በፊት እዚያ ጥግ ተቀምጬ ስለ አላህ ስል ሰው አያየኝም ነበር። ሳንቲሙን ይጥላል፣ ፊቴን አያይም። አሁን ያው ሰውዬ መጥቶ አጎንብሶ ‹ዛሬ የትኛውን ልቁረጥ?› ብሎ ያማክረኛል። ገባህ?»

ገብቶኛል። አጠገባቸው ግን በየቀኑ እየመጣ፣ የልጁን የደብተር ገንዘብ የሚቆርጥ ሰውም አይቻለሁ። የእኚህ አዟሪ ክብር የቆመው በዚያ ሰው ኪሳራ ላይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጥናት ውስጥ ማስቀመጥ ነው ሥራዬ የሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣሁበትም።

ነገሩ የሐረር ብቻ አይደለም። ስፔን ውስጥ፣ ጦርነቱ ሳያበቃ እ.ኤ.አ. በ1938 ኦንሴ የተባለ የዓይነ ስውራን ድርጅት ተቋቁሞ ኩፖን የመሸጥ መብት ተሰጠው። ዛሬ ኦንሴ ትምህርት ቤት፣ የመሪ ውሻ ማሠልጠኛ፣ የሥራ ዕድል ያለው ግዙፍ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ሌሎች አካል ጉዳተኞችን የሚያቅፍ ፋውንዴሽን ጨመረ። ሻጮቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በስፔን ዕጣው የአካል ጉዳተኞቹ ሆነ፣ በእኛ አገር አካል ጉዳተኛው የዕጣው ሆነ። የእኛ አዟሪ በኮሚሽን ነው የሚኖረው። ዝናብ ከዘነበ፣ ከታመመ፣ ቲኬቱ ካልተሸጠ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በሥራ ቅጥር ማግለል ይከለክላል፤ ግን ቅጥር ሲኖር ነው። የአዟሪው ሥራ ቅጥር ስላልሆነ አዋጁ አጠገቡ ደርሶ ይመለሳል።

ማኅበራቱም ከዕጣ አላመለጡም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት ጨምሮ በመብት ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ማኅበር ከገንዘቡ 90 በመቶውን ከአገር ውስጥ እንዲያገኝ አዘዘ። አገር ውስጥ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከአባል መዋጮ፣ ከባዛር፣ ከእግር ጉዞና ከቶምቦላ። ቶምቦላ ደግሞ ያኔ ከሎተሪ አስተዳደሩ ፈቃድ ወስዶ መኪና ወይም ቤት ለዕጣ ማቅረብ ነበር። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት መሟገት የፈለገ ሰው ቲኬት ለመሸጥ የተገፋበት ዘመን ነበር። ይህን ማንም በክፋት አላሰበውም። ቢሆንም በታሪካችን መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ቤቲንግ መጣ። የእግር ኳስ ውርርድ ቤት ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ አልፎ በየከተማው ተከፈተ። ሐረርም አልቀረላትም። በሩ ላይ ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው ይላል፤ ማን እንደሚገባ የሰፈር ሰው ያውቃል። የጫት ሰዓት ያለፈበት ወጣት፣ ሥራ ያጣ ተመራቂ (አዎ፣ የእኛም ተመራቂ) ወረቀቷን ይዞ የማንቸስተርን ውጤት ይጠብቃል። ያ ከፈረስ መጋላ በታች የነበረው ደንበኛ ወደዚያ ሄደ። የሎተሪ ዕጣ እስኪወጣ ሳምንታት ይጠበቃል፣ የቤቲንጉ በ90 ደቂቃ ያልቃል።

ሶሻል ዎርክ ስለዚህ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነው የአካል ጉዳቱ ትምህርት የጠቀመኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የቁማር ልማድን በሕመምነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በ2013 ደግሞ ከሱስ ጋር መደበው። ነገር ግን በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ቁማር መተው ያቃተውን ሰው አካል ጉዳተኛ አይደለም ብሎ በስም ጠቅሶ አወጣው። ሐኪሙ ሕመም ነው ይላል፣ ሕጉ አይመለከተኝም ይላል። ናታሻ ሹል የተባለች አንትሮፖሎጂስት ደግሞ የላስ ቬጋስን የቁማር ማሽኖች ለዓመታት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ችግሩን ከሰውየው አንስታ ማሽኑ ላይ አደረገችው፤ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ፍጥነቱ ሰው እንዳይነሳ ተብሎ የተሠራ ነው። ኦሊቨር ስለ ደረጃው ያለውን እሷ ስለ ማሽኑ አለችው። «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚለው የኩባንያዎች መፈክር ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውን ሰው «ደረጃውን በጥንቃቄ ይውጡ» እንደማለት ነው።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ የተነሳ ክርክር ላንሳ። የሐረሩ ውርርድ ቤት ሦስት ደረጃ ነበረው። የጊዜው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን ያዝ ነበር። ታዲያ ራምፕ ይሠራ ብለን እንጠይቅ ወይ? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ተማሪ፣ ራሷ በክራንች የምትሄድ፣ አልሳቀችም። «መክሰር ለጤነኛ ብቻ የተፈቀደ ነው?» አለች። አሜሪካዊው ሮበርት ፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 የጻፈው ነገር ይህንኑ ነው፤ ሰውን ከአደጋ ሁሉ መከለል ክብሩንም መንፈግ ነው። እኔ በበኩሌ ራምፑ ይሠራ ባይ ነኝ፤ ቤቱም በቀን የሚቆረጠው ገንዘብና የሚከፈትበት ሰዓት ይገደብ ባይ ነኝ። ሁለቱ አይጋጩም። ይህን ስል ከሃይማኖት አባቶችም ከመብት ተሟጋቾችም ጋር ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም ያው ነኝ።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሎተሪው ራሱ ወደ ስልክ እየገባ ነው። አድማስ ዲጂታል ሎተሪ በአጭር መልእክት ይቆረጣል፤ ደረጃ የለውም፣ ዝናብ አያግደውም፣ አዟሪም አያስፈልገውም። ለዓይነ ስውር ቆራጭ በሚናገር ስልክ የተመቸ ነው፤ ለዓይነ ስውር ሻጭ ግን የእንጀራ መጨረሻ ነው። በሌላ በኩል ውርርድ ይዘጋ የሚለው ድምፅ በየጊዜው ይነሳል። ይዘጋ ሲባል ስለ ወጣቶቹ ይወራል፣ ይከፈት ሲባል ስለ ግብር ይወራል። አዟሪዎቹ ምን ይሁኑ የሚለውን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚያነሳ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ከእኛ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ይህን በኩራት ነው የምናገረው።

የምርምር ገንዘቡስ? በእንግሊዝ፣ ያኔ በጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ርብቃ ካሲዲ ከባልደረቦቿ ጋር የቁማር ጥናት ገንዘብ ከኢንዱስትሪው ሲመጣ ጥያቄው ራሱ እንደሚጠብብ አሳይታለች፤ ስለ «ችግረኛ ተጫዋች» ይጠናል፣ ስለ ኩባንያው አይጠናም። በእኛ አገር ገንዘቡ ገና አልመጣም። መምጣቱ ግን አይቀርም። ፋኩልቲው ከወዲሁ በጽሑፍ አቋም ቢይዝ እላለሁ፤ ስፖንሰር ከመጣ በኋላ የሚወጣ መመሪያ ስፖንሰሩን ነው የሚመስለው።

እስከዚያው አንድ ጉዳይ አለኝ፣ ለዚህ ነው ዋናው መልእክቴ። ከአብዮቱ በፊት በተማሩት ታላላቆቻችን እጅ፣ በዲፕሎማም ሆነ በዲግሪ ዘመን የጻፏቸው የመስክ ዘገባዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ በሐረርጌ ያገለገሉ ናቸው። ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን፣ ስለ ለማኞች፣ ስለ ሎተሪ የመጀመሪያ ዓመታት አዟሪዎች የተጻፈ አንድ ገጽም ቢሆን ይጠቅማል። በሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ቦርሳ፣ በልጆቻችሁ ቤት ጣሪያ ሥር ካለ አምጡልኝ። ቅጂ አድርጌ ዋናውን እመልሳለሁ፤ ቅጂውንም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ። በመገናኛው ቀን ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እገኛለሁ፤ ከጎኔ ሎተሪ የሚሸጡ አንድ ወዳጄ ይቀመጣሉ። መቁረጥ ግዴታ አይደለም።